ኦርኪድ፦ ከኤግዚቢሽኑ ምን እንይ? ጎንደር ቤት ውስጥስ እንዴት እንያዘው?

ሎዛ_ዘማራኪ

ሰላም ለቤቱ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። በቅርቡ ለሥራ ናይሮቢ ስለምሄድ የኬንያ ኦርኪድ ማኅበር የሚያዘጋጀውን ኤግዚቢሽን ለማየት አስቤያለሁ። እዚያ ስገባ ምን ምኑን ልብ ልበል? ደግሞስ ጎንደር ላይ ቤት ውስጥ የሚስማማው የትኛው ዓይነት ነው? ቤቱ ማራኪ ነው፣ 3ኛ ፎቅ። ሳሎኑ በምሥራቅ፣ መኝታ ቤቱ በሰሜን በኩል መስኮት አለው። ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ በሮቶ እናጠራቅማለን። የምታውቁ ዘርዘር አድርጋችሁ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

አደይ_12

እንኳን ደህና መጣሽ ሎዛ። ኤግዚቢሽን ላይ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚከበው ሪባን የተሰጠውን አበባ ነው። እዪው፣ ፎቶም አንሺው። ነገር ግን ዳኞች የሚመዝኑት የአበባውን ቅርጽ፣ ቀለም፣ መጠንና ብዛት ነው፤ ተክሏ ለአያያዝ ትቅለል ትክበድ ከሪባኑ አታውቂም።

መለያ ካርዱን ማንበብ ይጠቅምሻል። መጀመሪያ የወገኑ ስም ይመጣል፣ ቀጥሎ የዝርያው ወይም የድቅሉ ስም። ከዚያ በነጠላ ጥቅስ የታጠረ ስም ካለ የዚያች የአንዲቷ ተክልና ከእሷ የተባዙት መጠሪያ ነው። በጥቅስ የታጠረ ስም የሌላት ድቅል ብዙ ጊዜ ከዘር የበቀለች ስለሆነች አበባዋ ሻጩ ከሚያሳይሽ ፎቶ ሊለይ ይችላል። ከስሙ ኋላ «ኤ.ኤም./ኤ.ኦ.ኤስ.» የሚል ካየሽ በአሜሪካ ኦርኪድ ማኅበር ዳኞች ከ100 ነጥብ ከ80 እስከ 89 አግኝታለች ማለት ነው። «ኤች.ሲ.ሲ.» ከ75 እስከ 79፣ «ኤፍ.ሲ.ሲ.» ደግሞ 90ና ከዚያ በላይ ነው።

ረጅሙን ሰዓት ሻጮቹ ጋ አሳልፊ። ሻጩን አስፈቅደሽ ተክሏን ከግንዷ ግርጌ ይዘሽ በቀስታ ነቅነቅ አድርጊ። ፖቱ ውስጥ ከተወዛወዘች ወይ ገና ሥር አልያዘችም ወይ ሥሯ በስብሷል። ፖቱ ብርሃን የሚያሳልፍ ከሆነ ሥሩን ተመልከቺ፦ ጤነኛ ሥር ሲደርቅ ብርማ፣ ሲርስ አረንጓዴ ነው፤ ሲነካም ጠጠር ይላል። ቡናማና ልፍስፍስ ከሆነ፣ አበባው ምንም ቢያምር ተዪው። አሽትቺውም። የእርጥብ እንጨት ሽታ ደህና ነው፤ የበሰበሰ ነገር ከሸተተሽ ፖቱ ውስጥ አየር የለም። ቅጠሉን ገልብጠሽ ከሥር በኩል፣ በተለይ ቅጠሉ ግንዱን በሚያቅፍበት ቦታ፣ ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር ወይም እንደ ቅርፊት የተለጠፈ ቡናማ ነጠብጣብ አለመኖሩን አረጋግጪ።

ሻጩን ሌላ ምንም ባትጠይቂ ይህን ጠይቂ፦ «ሌሊት ስንት ዲግሪ ላይ ነው ያደገችው? ማሞቂያ ነበራት?» ናይሮቢ ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ያለ ማሞቂያ እዚያ የኖረች ተክል ለጎንደር ሌሊት እንግዳ አትሆንም። ከባሕር ጠረፍ የመጣች ከሆነች ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

የቁስቋም_ጓሮ

አደይ ያለችውን ሁሉ እደግፋለሁ። እኔ ስለ አየሩና ስለ መስኮቱ ልጨምር፤ ከአውሮፓ የሚመጣው ምክር እዚህ ላይ ነው የሚያሳስተን።

ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። ከኅዳር እስከ ጥር ውጭ ያለው ሌሊት ወደ 10 ዲግሪ ይወርዳል፤ በመጋቢትና በሚያዝያ ቀኑ ወደ 30 ይጠጋል። ስለዚህ ቫንዳ የምትባለውን የኦርኪድ ዓይነት እርሻት። ሙቀትና እርጥበት የምትፈልግ የቆላ ተክል ናት፣ በታኅሣሥ ብርድ ሥሯን ማሳደግ ታቆማለች። ለቤት ውስጥ ፋላኖፕሲስ፣ ለበረንዳና ለግቢ ሲምቢዲየም ምረጪ። ካትሊያም ይሆናል፣ ብርሃን ካገኘ።

ፋላኖፕሲስ ሌሊት ከ16 ዲግሪ ባይወርድባት ትመርጣለች። የቤት ውስጥ ግድግዳ ሙቀት ስለሚይዝ ሳሎን ውስጥ ትችላለች፤ የመስኮት መስታወት ላይ ቅጠሏ ተለጥፎ እንዳያድር ግን በታኅሣሥና በጥር ማታ ማታ አንድ ክንድ ያህል ወደ ውስጥ ሳቢያት። የእኛ ቅዝቃዜ ጥቅምም አለው። አብቃዮች ፋላኖፕሲስ እንዳታብብባቸው ሲፈልጉ ከ28 ዲግሪ በላይ ያሞቋታል፣ እንድታብብ ሲፈልጉ ደግሞ ለጥቂት ሳምንታት ወደ 18–25 ያወርዱላታል። ይህ የጎንደር ሳሎን የዘወትር አየር ነው። አበባ የማውጣት ችግር እዚህ ብዙም የለም፣ ችግሩ ሥሩን ማኖር ነው።

አሁን መስኮቱ። «ደቡብ መስኮት ብሩህ ነው፣ ሰሜን ጨለማ ነው» የሚለው ለእነሱ አገር ነው። እኛ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ከምናምን ላይ ስለሆንን ፀሐይ በቀትር አናታችን ላይ የምትደርሰው በሚያዝያ አጋማሽና በነሐሴ አጋማሽ ነው። በመካከሉ ባሉት ወራት በሰሜን በኩል ታልፋለች። ስለዚህ የሎዛ ሰሜን መስኮት በግንቦት ቀጥተኛ ፀሐይ ይገባበታል፣ ክረምቱ ሲገባ ደመናው ይከልለዋል። በታኅሣሥ ደግሞ ደቡብ መስኮት ነው ጠራራ የሚገባበት። የምሥራቁ ሳሎን ግን ዓመቱን ሙሉ ይሆናል፦ የጠዋት ፀሐይ እስከ 3 ሰዓት ድረስ በስስ መጋረጃ ተጣርታ ትግባ፣ ከዚያ በኋላ ብርሃኑ ብቻ ይበቃል። የከፍታችን ፀሐይ ኃይለኛ ናት። ቅጠሉን በጣትሽ ንኪው፤ የሚሞቅ ከሆነ ቃጠሎው ሊጀምር ነው ማለት ነው፣ ነጭ ጠባሳ እስኪወጣ አትጠብቂ።

ደንቢያ_በር

ገዝቶ በሻንጣ ይዞ መምጣት ይቻላል? ቦሌ ይይዙኛል?

መምህር_ዘአዘዞ

ያለ ወረቀት አይቻልም፣ አይገባምም። ኦርኪዶች በሙሉ የዱር እንስሳትንና እጽዋትን ንግድ በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ የሳይተስ ስምምነት የተዘረዘሩ ናቸው፤ አብዛኞቹ በአባሪ 2፣ እንደ ፓፊዮፔዲለም ያሉት ደግሞ ጥብቅ በሆነው በአባሪ 1። ስለዚህ ከሚወጣበት አገር የሳይተስ ፈቃድና የእጽዋት ጤና ምስክር ወረቀት፣ ከእኛ በኩል ደግሞ አስቀድሞ የተወሰደ የማስገቢያ ፈቃድ ያስፈልጋል። ከመጓዝሽ በፊት የእጽዋት ኳራንቲን ክፍልን ጠይቂ። ወረቀቱ የማይሟላ ከሆነ ከናይሮቢ እውቀቱንና የካርዶቹን ፎቶ ይዘሽ ተመለሽ፤ ተክሉን አዲስ አበባ ካሉ የአበባ ሱቆች ግዢ።

ከአዲስ አበባ ጎንደር በመኪና ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ፖቱን አፉ ድረስ ጋዜጣ ጠቅጥቀሽ እንዳይፈስ አድርጊ፣ የአበባውን ዘንግ በቀጭን እንጨት ደግፊ፣ ዙሪያውን በወረቀት ጠቅልዪ። በፌስታል አትቋጥሪው። ሙዝና ማንጎ ካለበት ዘንቢል አጠገብም አታስቀምጪ፤ የሚበስል ፍሬ የሚያወጣው ኤቲሊን የሚባል ጋዝ እምቡጡን በአንድ ሌሊት ያጠወልገዋል።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። በአገራችን ከ160 በላይ የኦርኪድ ዝርያዎች አሉ። ከደን ወይም ከደብር ዛፍ ላይ ነቅሎ ቤት ማምጣት ተክሉን መግደል ነው። በተለይ መሬት ላይ የሚበቅሉት ሥራቸው ከአፈር ሻጋታ ጋር ተጣምሮ ስለሚኖር ከቦታቸው ሲነሱ አብዛኛውን ጊዜ ይሞታሉ። የአገራችንን ዓይነት ማየት የሚወድ ሰው ናይሮቢ ላይ ኤራንጊስ ብራኪካርፓን ይፈልግ። ኢትዮጵያ ውስጥም የምትበቅል ናት፤ ነጭ ኮከብ የመሰለ አበባ፣ ከኋላው ረጅም ቀጭን ጅራት፣ ሽታዋ ማታ ነው የሚወጣው፣ የአበባ ዱቄቷን የሚያደርስላት የሌሊት የእሳት ራት ስለሆነ።

ወለቃ_ሸክላ

ስለ መትከያው እኔ ልጻፍ፣ ብዙ ሰው ኦርኪዱን የሚያጣው እዚህ ላይ ነው። ፋላኖፕሲስ በአፈር አትተከልም። በተፈጥሮዋ የዛፍ ቅርፊት ላይ ተጣብቃ የምትኖር ናት። ሥሯን የሚሸፍነው ስፖንጅ መሳይ ልባስ ውኃ በደቂቃዎች ውስጥ ይመጥጣል፣ ከዚያ አየር ይፈልጋል። አፈር ውስጥ ከገባ ይታፈናል፣ ይሞታል፣ ሻጋታ ይይዘዋል።

ከውጭ የሚመጣው ቅርፊት እዚህ ባይገኝ በዚህ ይተካል፦ 3 እጅ የፓቱላ (የፈረንጅ ጥድ ዓይነት) ቅርፊት፣ ጣውላ ከሚሰነጥቁበት ይገኛል፣ 1 እጅ የእንጨት ከሰል፣ 1 እጅ ቀዳዳ የበዛበት ቀላል ስኮሪያ (የእሳተ ገሞራ ድንጋይ)። ሁሉም ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ይሰበር፣ ዱቄቱ በወንፊት ይውጣ። ዱቄቱ ከቀረ ከታች ተከማችቶ ጭቃ ይሆናል። ቅርፊቱን ግማሽ ሰዓት ቀቅሉት፣ ውኃው እንደ ሻይ ይጠቁራል፣ ድፉትና ድገሙት፤ ከዚያ አንድ ቀን ንጹሕ ውኃ ውስጥ ይደር። የባሕር ዛፍ ልጥ አትጠቀሙ። ክር እየሆነ ቶሎ ይበሰብሳል፣ የሚለቀውም ነገር ለሥር ጥሩ አይደለም። ሥጋ የተጠበሰበት ከሰልም አይሆንም፣ ጨውና ስብ ጠጥቷል።

ለፖቱ የ2 ሊትር ሃይላንድ ከታች በኩል 12 ሳንቲ ሜትር ላይ ቁረጡ። በጋለ ምስማር ታችኛውን 8 ወይም 10 ቦታ፣ ጎኑን ደግሞ ከታች 3 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ዙሪያውን 6 ቦታ ብሱ፤ ቀዳዳው የእርሳስ ውፍረት ይኑረው። ሥሩን በዓይን እያያችሁ ስለምታጠጡ ከማንኛውም ውድ ፖት ይሻላል። ቀላል ስለሆነ እንዳይወድቅ ሸክላ ውስጥ አስቀምጡት። ሸክላውን ወለቃ መንደር ካሉት ሸክላ ሠሪዎች የምታዝዙ ከሆነ ከመተኮሱ በፊት ጎኑ ላይ ቀዳዳ እንዲያወጡለት ንገሩ፤ ከተተኮሰ በኋላ ለመብሳት ሲሞከር ይሰነጠቃል።

የምትቀይሩት አበባው ካለቀ በኋላ፣ አዲስ ሥር አረንጓዴ ጫፍ ሲያወጣ ነው፤ በየ1 ዓመት ተኩል ወይም በየ2 ዓመቱ። መቀሱን በእሳት ለብልቡት። የለሰለሰውንና ውስጡ ባዶ የሆነውን ሥር ቁረጡ፣ ጠንካራውን ቢጫ እንኳ ቢሆን ተዉት። ፖቱን በሥሩ መጠን ምረጡ፣ በቅጠሉ አይደለም። ቅርፊቱን በእንጨት እየነካካችሁ በሥሩ መካከል አስገቡ፤ የታችኛው ቅጠል መነሻ ከቅርፊቱ በላይ ይሁን። ከዚያ ቁስሉ እስኪደርቅ ከ3 እስከ 5 ቀን አታጠጡ።

አደይ_12

ከሰሉ ላይ ትንሽ ልለይ። 1 እጅ ለክረምት ጥሩ ነው፣ ነገር ግን ከሰል የማዳበሪያና የውኃ ጨው ይሰበስባል። የጉድጓድ ውኃ ለሚጠቀም ሰው ግማሹን ቀንሶ በስኮሪያ ይተካው። ማሳያው ቀላል ነው፦ ጀበናው ወይም ማንቆርቆሪያው ውስጡ ነጭ ቅርፊት የሚይዝ ከሆነ ውኃው ጨው የበዛበት ነው።

ወለቃ_ሸክላ

እስማማለሁ አደይ። ከአንገረብ ግድብ ከሚመጣው ቧንቧ ለሚያገኝ 1 እጅ፣ ከጉድጓድ ለሚያገኝ ግማሽ።

የቁስቋም_ጓሮ

ወደ ውኃው እንግባ። በሳምንት ስንት ጊዜ ብሎ የሚጠይቅ ሰው መልሱን ከሥሩ ቀለም ነው የሚያገኘው፦ በሃይላንዱ ውስጥ ያለው ሥር ሁሉ ብርማ ሲሆንና ፖቱ ሲነሳ ሲቀል አጠጡ፣ አረንጓዴ ከሆነ ተዉት። በበጋ ከ5 እስከ 7 ቀን ይመጣል። በሐምሌና በነሐሴ አየሩ እርጥብ ስለሆነ 10 ቀን፣ አንዳንዴ 14 ቀን ይቆያል። ሰው ኦርኪዱን የሚያበሰብሰው በክረምት ነው፣ በበጋው ልማድ ስለሚቀጥል።

አጠጣጡ፦ ትንሽ ሳፋ ውስጥ 1 ሊትር ተኩል ያህል ውኃ አድርጉ፣ ፖቱን ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ዘፍዝፉ፣ አውጥታችሁ ጠብታው እስኪያቆም አንጠፍጥፉ። ከሥሩ ባለው ሳህን ላይ ውኃ አይቅር። ውኃው ለአንዱ ተክል ከዋለ ለሌላው ኦርኪድ አይዋል፣ በሽታ ይሻገራል፤ ለጤና አዳም ወይም ለጽጌረዳ ድፉት። በፈረቃ ውኃ ለሚኖር ሰው ይህ ምንም ብክነት የለውም። በታኅሣሥ የሮቶ ውኃ ጠዋት ጠዋት በጣም ስለሚቀዘቅዝ ማታውኑ ቤት አስገብታችሁ አሳድሩ፤ በዚያውም የክሎሪኑ ሽታ ይቀንሳል።

ጠዋት አጠጡ። በመካከለኛው ቅጠል ጉንጉን ውስጥ ውኃ ከገባ በሶፍት ጫፍ ምጠጡት። እዚያ ውኃ ካደረ ልቧ ይበሰብሳል፣ ልቧ የበሰበሰ ፋላኖፕሲስ ደግሞ ከመካከል ሌላ ቅጠል አታወጣም። በውኃ ፋንታ ፖቱ ላይ በረዶ አስቀምጡ የሚለውን ምክር አትከተሉ፤ ሳሎኑ ራሱ በቀዘቀዘበት አገር ሥሩን ተጨማሪ ብርድ መስጠት ምን ያደርጋል?

የክረምት ዝናብ ከሁሉ የተሻለ ውኃ ነው፤ መጀመሪያ ጣራው ይታጠብ፣ ከዚያ በፕላስቲክ ባልዲ አጠራቅሙ። አዲስ ቆርቆሮ ዚንክ ስለሚለቅ ከእሱ የወረደውን ተዉት።

ሎዛ_ዘማራኪ

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ማዳበሪያስ? ለገበሬ የሚሸጠውን ዩሪያ በትንሹ ባሟሟስ?

መምህር_ዘአዘዞ

ይቅርብሽ። ዩሪያ ናይትሮጅን ብቻ ነው፣ ኤን.ፒ.ኤስ. (ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ሰልፈር ያለበት) ደግሞ ለአፈር የተሠራ ፍሬ ነው። ቅርፊት ውስጥ የሚይዘው አፈር ስለሌለ ሥሩ ላይ ተቀምጦ ያቃጥለዋል። በውኃ የሚሟሟውን 20-20-20 (ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ፖታሽየም እኩል ያለበትን)፣ ጥቃቅን ንጥረ ነገሮች ያሉበትን፣ የግብርና መድኃኒት መደብር ጠይቂ። መጠኑ ለ1 ሊትር ውኃ ግማሽ ግራም ነው። የሻይ ማንኪያ ሙሉው ወደ 5 ግራም ስለሚሆን አንድ ማንኪያ ለ10 ሊትር ይበቃል። ሦስት ጊዜ በማዳበሪያ ካጠጣሽ አራተኛውን በንጹሕ ውኃ ብቻ እጠቢው። ሥሩ ደረቅ ሆኖ ማዳበሪያ አይቀበልም፣ መጀመሪያ ይርጠብ። የሥሩ ጫፍ ከጠቆረ ወይም የሸክላው አፍ ላይ ነጭ ጨው ከታየ መጠኑ በዝቷል።

ደንቢያ_በር

የእኛ ቤት እምቡጥ ትይዛለች፣ ሳይፈነዱ ቢጫ ሆነው ይረግፋሉ። ቅጠሉም ሥሩም ጤነኛ ነው። ምክንያቱ ምንድን ነው?

አደይ_12

ቡና የምታፈሉት እሷ ባለችበት ክፍል ነው?

ደንቢያ_በር

አዎ፣ ሳሎን ነው። ዕጣኑም እዚያው ይጨሳል።

አደይ_12

እንግዲያው ከዚያ ጀምሩ። በደንብ ያልነደደ ከሰልም ዕጣንም ኤቲሊን ያወጣል፤ መምህር ስለ ሙዙ የተናገሩት ጋዝ እሱው ነው። ለእምቡጥ ትንሹ ይበቃዋል። ቡናው አይቀርም፣ ኦርኪዷ ትነሳ። እምቡጥ ከያዘች ጀምሮ አበባው እስኪፈነዳ ከሰል ወደማይገባበት ክፍል ውሰዷት፣ ከሰሉም ውጭ ተያይዞ በደንብ ሲቀላ ይግባ። የፍራፍሬ ሳህኑም ከጠረጴዛው ይነሳ። ይህ ሁሉ ተደርጎ ከረገፈ፣ ከመስኮት የሚገባ ቀጥተኛ ነፋስ ወይም በየካቲትና በመጋቢት ያለው ደረቅ አየር ነው። ሰፋ ባለ ሳህን ላይ ጠጠር አድርጋችሁ ውኃ ጨምሩበት፣ ፖቱን ጠጠሩ ላይ አስቀምጡ፤ የፖቱ ግርጌ ውኃውን እንዳይነካ።

የቁስቋም_ጓሮ

ደንቢያ፣ እምቡጥ ላይ ያለችን ተክል አቅጣጫዋን አታዙሯት። ክፍል ስትቀይሩም ብርሃኑ ከቀድሞው ጎን እንዲመጣ አድርጉ፣ ካልሆነ ዘንጉ ይጠማዘዛል።

ሎዛ ግቢ ያላቸው ዘመዶች ካሉሽ ስለ ሲምቢዲየም አንድ ነገር ልበል፣ ለጎንደር ከሁሉ የምትስማማው እሷ ናት ብዬ አምናለሁና። አበባ ለማውጣት የምትፈልገው ከ10 እስከ 15 ዲግሪ የሆነ ሌሊት ነው። ሞቃት አገር ያሉ አብቃዮች በገንዘብ የሚገዙትን እኛ ከጥቅምት ጀምሮ በነጻ እናገኘዋለን። ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው ፖት፣ ደቀቅ ባለ ቅርፊት (ከግማሽ እስከ 1 ሳንቲ ሜትር ተኩል) ትተከላለች። 40 ወይም 50 በመቶ በሚያጠላ ሼድ ኔት ሥር ወይም ቅጠሉ ሳሳ ባለ ዛፍ ሥር ትቀመጥ። ቅጠሏ ጥቁር አረንጓዴ ከሆነ ብርሃን አንሷታል፣ አታብብም፤ ወደ ቢጫ የሚያደላ አረንጓዴ ነው የሚፈለገው። በየ2 ወይም 3 ዓመቱ ስትቀይሯት ከ3 ኮረት (ከቅጠሉ ግርጌ ያበጠው ግንድ) ባነሰ አትከፋፍሏት፣ ከዚያ ካነሰ ለዓመታት አበባ ትነፍጋችኋለች። በክረምት ቀንድ አውጣ ይወዳታል፣ ማታ በባትሪ ፈትሹ። አበባዋ ከ6 እስከ 10 ሳምንት ይቆያል።

ሎዛ_ዘማራኪ

የመጨረሻ ጥያቄ። የፋላኖፕሲሷ አበባ ሲያልቅ ዘንጉ ከየት ይቆረጣል? ደግሞ አዲስ የወጣውን ሥርና ዘንግ በምን እለያለሁ?

ወለቃ_ሸክላ

ጫፉን እዪ። ሥር ክብና ለስላሳ ጫፍ አለው፣ ቶሎም ብርማ ልባስ ይለብሳል። ዘንግ ጫፉ ጠፍጠፍ ብሎ እንደ ጓንት አውራ ጣት ጎን አለው፣ በቅጠሉና በግንዱ መካከል ይወጣል፣ ሙሉ ለሙሉም አረንጓዴ ነው።

አቆራረጡ በተክሏ ጉልበት ይወሰናል። 4 ወይም ከዚያ በላይ ጠንካራ ቅጠል ካላትና ሥሯ ከበዛ፣ ከታች ቆጥረሽ ከ3ኛው አንጓ 1 ሳንቲ ሜትር በላይ ቁረጪ፤ ከዚያ አንጓ ጎን ቅርንጫፍ ልታወጣ ትችላለች። 2 ወይም 3 ቅጠል ብቻ ካላት፣ ወይም ቅጠሏ ከተሸበሸበ፣ ዘንጉን ከመነሻው ቁረጪው፤ እዚህ ቀዝቃዛው አየር ደጋግሞ እንድታብብ ስለሚገፋት ደካማ ተክል ራሷን ትጨርሳለች። የተቆረጠበት ላይ የቀረፋ ዱቄት ነስንሺ። ሥር ላይ ግን ቀረፋ አታድርጊ፣ ያደርቀዋል። ቢላዋውንም ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ሳይለበለብ አታሻግሪው።

መምህር_ዘአዘዞ

ሎዛ፣ አዲስ የገዛሻትን ከሌሎች ተክሎችሽ ለይተሽ ከ3 እስከ 4 ሳምንት በሌላ ክፍል አቆያት፣ በየ3 ቀኑ የቅጠሏን ታችኛ ገጽ ፈትሺ። ጥጥ መሳዩን ተባይ ካገኘሽ በ70 በመቶ አልኮል በረጠበ ጥጥ ጥረጊ፣ በሳምንት አንድ ጊዜ እያደረግሽ ለሦስት ሳምንት ድገሚው፣ እንቁላሉ በአንድ ጊዜ አይጠፋምና። ከናይሮቢ ስትመለሺ የካርዶቹን ፎቶ እዚሁ ለጥፊልን፣ የትኛው ለእኛ አየር እንደሚሆን በየስሙ አብረን እንለያለን።